የድሮ የጠረጴዛ ልብስ፣ አንሶላና ዳንቴል ከአሮጌ ዕቃ ገበያ መርጦ ለመግዛት

በአደባባይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተቆለለ ጨርቅ ፊት ሲቆም አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ንጣትን ነው። ነጭ ሆኖ ካማረው ያነሣዋል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ካየበት መልሶ ይጥለዋል። ለዓመታት ስፈልግ፣ ስገዛና ሳጥብ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው፦ እድፍ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፤ የሞተ ክር ግን በምንም አይነሣም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የክርን ጤንነት በእጅ፣ በብርሃንና በጆሮ መመርመርን ይመለከታል። የጥልፉ ውበትና የጨርቁ ዕድሜ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የእነዚህ ገበያዎች ስም በብዙ ቋንቋዎች «የቁንጫ ገበያ» ነው። ስያሜው የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፓሪስ ሰሜናዊ ጫፍ ሳንቷን በተባለው ስፍራ ልባሽ ጨርቅና አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ጋር ይያያዛል። አሮጌ ጨርቅ ተባይ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ስሙ ራሱ ያስታውሳልና ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

ከቤት ሳይወጡ

መጀመሪያ ጠረጴዛዎን ይለኩ። የጠረጴዛ ልብስ በየጎኑ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቢወርድ ያምራል። ጠረጴዛው 180 በ90 ሴንቲሜትር ከሆነና 25 ሴንቲሜትር እንዲወርድ ከፈለጉ፣ የሚፈልጉት ጨርቅ 230 በ140 ነው። የአልጋዎንና የትራስዎን ልክም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉ። የፍራሹን ውፍረት ጭምር መለካት አይዘንጉ፤ የድሮ አንሶላ የተሠራው ቀጭን ፍራሽ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ የዛሬውን ወፍራም ፍራሽ አልብሶ ከሥሩ የሚታጠፍ ላይተርፈው ይችላል። ልክ ሳይዝ የሄደ ሰው በገበያው መሀል ዐይን አዋጅ ይሆንበትና ደስ ያለውን ሁሉ ገዝቶ ይመለሳል፤ ቤት ሲደርስ አንዱም አይሆነውም።

በቦርሳዎ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ በዝርዝር የተያዘ ገንዘብ፣ እጅ መጥረጊያና ሁለት ሦስት ትላልቅ አፋቸው የሚታሰር የፕላስቲክ ከረጢቶች ይያዙ። ከረጢቶቹ የሚገዙትን ጨርቅ ከሌላው ዕቃዎ ለይተው የሚያመጡባቸው ናቸው።

መቼና የት መፈለግ

ጥሩ ጨርቅ የሚገኘው ዕቃው ከመኪና በሚወርድበት ሰዓት ነው። ጨርቄን ማቄን ሳይሉ በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ጎሕ ሳይቀድ የተገዛ ነጭ ጨርቅ ሲነጋ ቢጫ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ የእጅ ባትሪው ለጌጥ አይደለም። ባትሪውን ከጨርቁ ፊት ሳይሆን ከጎኑ ዝቅ አድርገው ያብሩት፤ ጥልፉ፣ ጥገናውና የሳሳው ቦታ በጥላው ይለያል።

ጨርቅ ብቻ በሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ የሚያገኙት ታጥቦ፣ ተተኩሶና ተመርጦ የቀረበ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። እኔ አብልጬ የምወደው ጨርቅ መሸጥ ዋነኛ ሥራቸው ያልሆኑትን ሰዎች ነው። የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሚያቀርበው ኮሞዲኖ መሳቢያው ውስጥ የተረሳ የትራስ ልብስ ይኖራል። የአሮጌ ሻንጣ ሆድ፣ ከጠረጴዛ ሥር የተገፋ ካርቶን፣ ከመጻሕፍት ክምር በታች የተነጠፈ ጨርቅ፣ ሁሉም ይታያል። ሸክላና ብርጭቆ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን የሚጠቀልሉበትን ጨርቅ ልብ ይበሉ። አንዳንዴ ደግሞ ከገበያው ሁሉ ምርጡ ጨርቅ ሻጩ ሸቀጡን የደረደረበት የጠረጴዛ ልብስ ይሆናል። «ይህን ከሥር ያነጠፉትን ይሸጡልኛል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ መልሱ «ማታ ስናነሣ ይምጡ» ነው፤ ያኔ በእውነት ተመልሰው ይሂዱ።

ጤዛ ወይም ዝናብ የነካው ጨርቅ ላይ ይጠንቀቁ። እርጥበት የሻጋታን ሽታ ያባብሳል፣ እድፍን ይሸፍናል፣ የሳሳ ክርንም ጠንካራ አስመስሎ ያሳያል።

ክሩን በእጅ ማወቅ

የድሮ የቤት ጨርቅ በአመዛኙ ወይ ጥጥ ነው፣ ወይ ሊኖ፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ። ሊኖ የሚሠራው ከተልባ ተክል ግንድ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተልባ እግር» የሚለው እርሱ ነው። በመዳፍ ሲይዙት ይቀዘቅዛል፣ ከበድ ይላል፣ ጨብጠው ሲለቁት የተጨማደደበት መስመር ሹል ሆኖ ይቀራል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ክሩ አንድ ወጥ አይደለም፤ ቀጠን ይልና ድንገት ወፈር ይላል። ጥጥ ለስለስና ሞቅ ይላል፤ ክሩም ይበልጥ እኩል ነው። ከጠርዙ የተንጠለጠለ ክር ካለና ሻጩ ከፈቀደ በጥሰው ይዩት፦ የሊኖ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሹል ሲሆን የጥጥ ጫፍ እንደ ትንሽ ብሩሽ ይበተናል። ድሩ ጥጥ፣ ማጉ ሊኖ የሆነ ጨርቅም ስላለ ክሩን ከሁለቱም አቅጣጫ መመልከት ያሻል።

ዳማስክ የሚባለው ጨርቅ ስሙን ያገኘው ከደማስቆ ከተማ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ተሸምኖ አበባና ሐረግ የሚያወጣው በክሩ አቅጣጫ ብቻ ነው። በአንድ ፊት የሚያበራው ምስል በሌላው ፊት ደብዝዞ ይታያል፤ ይህን ለማረጋገጥ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። በአንድ ፊት ብቻ ጥለት ካለውና ጀርባው ባዶ ከሆነ የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ዣካር ቀዳዳ ባላቸው ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ካበጀ በኋላ እንዲህ ያለውን ጥለት መሸመን እጅግ ቀለለ። ስለዚህም በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ዳማስክ ዛሬም በብዛት ይገኛል።

ፖሊስተር የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን ለቤት ጨርቅ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ በኋላ ነው። ጨብጠው ሲለቁት ወዲያው ከተዘረጋ፣ ሲዳስሱት ካንሸራተተና ላዩ ላይ ጥቃቅን የክር እንክብሎች ከታዩ ድብልቅ መሆኑ አይቀርም። ለመጠራጠር ምክንያት ካለዎት ከቅምቅማቱ አንድ ክር ወስደው ቤት ውስጥ፣ በብረት ሳህን ላይ፣ ውሃ አጠገብዎ አድርገው ያቃጥሉት። ጥጥና ሊኖ እንደ ወረቀት ሸትተው ለስላሳ አመድ ይሆናሉ፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል፤ ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉ። በገበያ ውስጥ ግን እሳት አይሞከርም።

የጨርቁን ጤንነት መመርመር

ከመመሪያው ሁሉ እጅግ የሚያስፈልገው ይህ ክፍል ነው። አንድ ጊዜ በሚያምር ሪባን የታሰረ፣ እንደ በረዶ የነጣ ትልቅ የዳማስክ ጠረጴዛ ልብስ ከነእጥፋቱ ገዛሁ። ሻጩ «አይፍቱት፣ ይቆሽሻል» ስላለኝ አልፈታሁትም። ቤት ወስጄ ስዘረጋው በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ እንደ ደረቀ ወረቀት ተሰነጠቀ። ለአሥርተ ዓመታት በአንድ መስመር ላይ ታጥፎ በመቀመጡ ክሩ እዚያው ላይ ተሰብሮ ነበር። ያን ጨርቅ የጠለፈችውን እጅ እያሰብኩ ብዙ አዘንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተዘረጋ ጨርቅ አልገዛም።

ምርመራው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ጥሩ ነው። ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ወደ ሰማይ ብርሃን ያንሡት። ቀዳዳ ወዲያው ይታያል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ገና ያልተቀደደውን የሳሳ ቦታ ነው፤ እሱ ከሌላው አብልጦ ብርሃን ያሳልፋል። አንሶላ የሚሳሳው በመሀሉ፣ የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ በጠረጴዛው ጠርዝና ማዕዘን ላይ የሚያርፍበት መስመር ነው። ቀጥሎ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ይከተሉ። ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶችዎን ጎን ለጎን አድርገው ጨርቁን በቀስታ፣ መጀመሪያ በድሩ ቀጥሎ በማጉ አቅጣጫ ይሳቡት። ጤነኛ ጨርቅ ዝም ይላል። የደከመ ጨርቅ ቀጭን የመንጫጫት ድምፅ ያሰማል፤ ያን ድምፅ ከሰሙ፣ ጥልፉ የቱንም ያህል ቢያምር አጥፈው በክብር ያስቀምጡት። ጎትተው አይቅደዱ፤ ንብረቱ ገና የሻጩ ነው።

አሽትቱም። የአቧራና የአሮጌ ሣጥን ሽታ ይለቃል። ስለታም የሻጋታ ሽታ ያለውና ግራጫ ወይም ጥቁር ነጥብ የዘራ ጨርቅ ግን ሻጋታው ክሩን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ነጥቦቹም ብዙ ጊዜ አይለቁም። እኔ እንዲህ ያለውን አልነካም።

በመሀሉ ቁመት ለቁመት የተሰፋ አንሶላ ካገኙ አይናቁት። ጠባብ በሆነ መሸመኛ ይሠራ በነበረበት ዘመን ሁለት ስፋት ተገጣጥሞ አንድ አንሶላ ይሆን ነበር። ይሁን እንጂ ሌላም ምክንያት አለ፤ መሀሉ ያለቀ አንሶላ ቁመቱን ተከትሎ ለሁለት ይቀደድና ጤነኛ ዳርና ዳሩ ወደ መሀል መጥቶ ይሰፋ ነበር። መለያው በውጭ በኩል ያለው ዳር ነው። የሽመናው የራሱ ዳር እንዳለ ከሆነ አንሶላው ከመጀመሪያውም እንዲሁ ተሠርቷል፤ ዳሩ ተቆርጦ የተቀመቀመ ከሆነ ግን የተገለበጠ ነውና ከሁለቱም ጎን የሳሳ ቦታ ይፈልጉ። ሁለተኛው ዓይነት ለአልጋ ባይሆንም ጤነኛው መሀሉ ለሳህን ፎጣና ለትራስ ልብስ ይተርፋል።

ጥገና ያለበትን ጨርቅ በተመለከተ የብዙዎችን አስተያየት አልጋራም። ድርና ማጉን ተከትሎ በጥንቃቄ የተጠገነ ቀዳዳ ጉድለት ሳይሆን ጨርቁ ተወዶ እንደኖረ የሚያሳይ ምልክት ነው።

የትኛው እድፍ ይለቃል?

በአጠቃላይ የደበዘዘ ቢጫነት መልካም ዜና ነው። የሚመጣው ከዕድሜ፣ ተጣርቶ ካልታጠበ ሳሙና ወይም ከአሮጌ አሚዶ ሲሆን ተዘፍዝፎ ሲያድር በአብዛኛው ይለቃል። የቡና፣ የሻይና የወይን ጠጅ እድፍም ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። በእጥፋት ላይ ብቻ ያለ ቡናማ መስመር ጨርቁ ከእንጨት ወይም ከካርቶን ጋር ተነካክቶ የመጣ ነው፤ ይለቃል፣ ነገር ግን ያን መስመር በአውራ ጣት ምርመራ ሳያሳልፉ አይግዙ። የሻማ ሰም ቀላል ነው፤ አቀዝቅዘው ይፍቁታል፣ የቀረውን በሁለት ወረቀት መሀል አድርገው በካውያ ያወጡታል። ብርቱካናማና ዙሪያው የጠራ ነጥብ ዝገት ነው፤ ትንሽ ከሆነ በሎሚና በጨው ይሞከራል፤ ክሩን በልቶ ቀዳዳ ካበጀ ግን አለቀለት። የካውያ ቃጠሎ የክሩ ጉዳት እንጂ እድፍ ስላልሆነ ጠቆር ካለ ይተዉት።

ዕድሜውን ማንበብ

ዕድሜን የሚናገር አንድ ምልክት ብቻውን አይታመንም፤ ሦስት አራቱ ሲስማሙ ግን ብዙ ያሳውቃሉ። ጠርዙን ይዩ። የስፌት መኪና በቤቶች የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። በእጅ የተቀመቀመ ጠርዝ በጣም ጥቃቅን ቢሆንም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ስፌቱ ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል። በእርግጥ በእጅ መስፋት መኪና ከመጣ በኋላም ስለቀጠለ የእጅ ስፌት ጥራትን እንጂ ዘመንን ለብቻው አያረጋግጥም። የእጥበት መመሪያ ምልክት ያለበት የተሰፋ ወረቀት መሳይ ጨርቅ ካገኙ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራ ነው ብለው ያስቡ።

በማዕዘኑ ላይ በቀይ ክር የተጠለፉ ትናንሽ ፊደላትና ቁጥር ካሉ ደስ ይበልዎት። ብዙ ጨርቅ ያለው ቤት እያንዳንዱን አንሶላና ፎጣ ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ ከእጥበት ሲመለስ እንዳይጠፋና ሁሉም ተራውን ጠብቆ እኩል እንዲያረጅ። ቀዩ ክር የተመረጠው በተደጋገመ እጥበት የማይለቅ ቀለም ስለነበረው ነው። «12» የሚል ቁጥር ካዩ ወንድሞቹ እዚያው ክምር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉና ይፈልጉ። ነጭ በነጭ የተጠለፉ ትላልቅ ፊደላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሙሽራ ከተዘጋጀ ጥሎሽ የመጡ ናቸው። የሌላ ሰው የስም ፊደል ያለበትን ጨርቅ መግዛት የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ያን ፊደል በቤቴ ማኖር እንደ አደራ እቆጥረዋለሁ።

ሁሉንም ዳንቴል ብለን እንጠራዋለን እንጂ እጅግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በኪሮሽ የተሠራው ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየገባ የሄደ ሰንሰለት ነው። በብዙ ትናንሽ እንዝርት መሳይ እንጨቶች ላይ ክር ጠቅልሎ እያቆላለፉ የሚሠራው እንደ ሽመናና እንደ ጉንጉን ይታያል። በመርፌ ብቻ የሚሠራው በጥቃቅን የቁልፍ ቀዳዳ ስፌት የተሞላ ሲሆን ከሁሉም ትዕግሥት የሚፈልገው እርሱ ነው። በማሽን የተሠራው ግን አበባዎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ጠርዙ ላይም ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ክር ጸጉር መስሎ ይታያል።

ዋጋ መነጋገር

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ጨርቁን በአግባቡ የመረመረ ሰው ዋጋውን ያውቀዋልና። ጉድለቱን ሻጩን ሳያሳፍሩ በእጅዎ ያሳዩት እንጂ ዕቃውን አያጣጥሉ። ከአንዱ ሻጭ ብዙ ሰብስበው በአንድ ላይ ዋጋ መጠየቅ ነጠላ በነጠላ ከመከራከር ይሻላል። ገበያው ሊበተን ሲል ሻጩ መልሶ ከመጫን መሸጥን ይመርጣል፤ ልብዎ የወደደውን ግን እስከዚያ አያቆዩት። አብረው የኖሩ የገበታ ፎጣዎች ካሉ ሁሉንም ይውሰዱ፤ ስድስቱን ገዝቶ ስድስቱን መተው ስብስቡን ለዘለዓለም መበተን ነው።

ቤት ሲደርሱ

ከረጢቱን አልጋና ሶፋ ላይ አያስቀምጡት። ጠንካራ የሆነውን ነጭ ጥጥና ሊኖ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማጠብ ትኋንን ከነእንቁላሉ ይገድላል። ሙቅ ውሃ የማይችለውን ስስ ጨርቅና ዳንቴል በከረጢት አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ለአራት ቀን ያቆዩት።

ከዚያ እጥበቱ ነው። ባለ ቀለም ጥልፍ ካለው እርጥብ ነጭ ጨርቅ በክሩ ላይ ተጭነው ያቆዩ፤ ቀለም ከያዘ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይታጠባል። ነጩን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ብቻ በሰፊ ሳፋ ይዘፍዝፉት። ውሃው ሻይ ሲመስል አይደንግጡ፤ እየቀየሩ ይቀጥሉ። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ ውስጥ በሟሟ ሶዲየም ፐርካርቦኔት (በኦክስጅን የሚያነጣ ዱቄት) አሳድሩት። ለሐርና ለሱፍ ግን አይሆንም። ስስ ጨርቅን ከውሃ ሲያወጡ በፎጣ ደግፈው ያንሡት፤ የውሃው ክብደት ብቻውን ሊቀደው ይችላል።

በረኪናን አጥብቄ እቃወማለሁ። የጥጥንና የሊኖን ክር ያደክማል፤ ዝገትንም ከማስለቀቅ ይልቅ ያጠነክረዋል። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ለዝገቱ ሎሚ ከተጠቀሙ በኋላ ጨርቁን ደጋግመው ያለቅልቁት። ፀሐይ ከበረኪና የተሻለ ወዳጅ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሆላንድ ሀርለም ከተማ ዙሪያ የሊኖ አንጪዎች ጨርቁን በሣር ሜዳ ላይ ዘርግተው፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ ለወራት ያነጡት ነበር። ክሎሪን ለማንጫነት የዋለው ፈረንሳዊው ኬሚስት ቤርቶሌ እ.ኤ.አ. በ1785 ከሞከረው ወዲህ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በንጹሕ ሣር ላይ አንድ ሁለት ቀን ሲውል የሚያመጣውን ለውጥ በዐይንዎ ያዩታል።

ሊኖን ሳይደርቅ እርጥቡን ይተኩሱት። ጥልፍ ያለውን ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍተው በጀርባው ሲተኩሱት ጥልፉ አይደፈጠጥም፣ ይልቁንም ጎልቶ ይወጣል።

ለማስቀመጥ ሲነሡ አሚዶ አያድርጉበት፤ ብርማ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነፍሳት አሚዶን ይበላሉ፣ ጨርቁንም አብረው ይቦረቡራሉ። አሚዶ የሚደረገው ሊጠቀሙበት ሲሉ ነው። ትልቁን በታጠበ አሮጌ አንሶላ በተሸፈነ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት፤ ቦታ ካነሰና ማጠፍ ግድ ከሆነ በየጥቂት ወሩ እያወጡ በሌላ መስመር ያጥፉት። ጥሬ እንጨትና ካርቶን እንዳይነካው፣ በፕላስቲክም እንዳይታፈን ያድርጉ። በመጨረሻ ልኩንና የተገዛበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከጥቅሉ ውጭ በክር ያንጠልጥሉት፤ በመርፌ ቁልፍ ግን አይሁን፣ ይዝጋልና።